ለወፍ እንባቸውን ያጠጡ አባት

በግቢያችን ውስጥ አቦ የሚለውን ቃል ሳይጠራ ውሎ የሚገባ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ላይብረሪ ወንበር ሲያዝብን አቦ እንላለን፤ የካፌው ሰልፍ ሲረዝም አቦ እንላለን፤ ጓደኛችን ነገር ሲያበዛብንም አቦ ተወን ነው መልሳችን። ቃሉ ወደ ወጣቱ አፍ እንዴት እንደገባ ማጣራቱን ለቋንቋ ዲፓርትመንት ልጆች ልተወውና፣ እኔ ባደግኩባት በባኮ ግን አቦ ሲባል ቀድመው ትዝ የሚሉት አንድ አባት ናቸው። እግሩን እንቅፋት የመታው ሰውም ሆነ በሬው ገደል አፋፍ ላይ የደረሰበት ገበሬ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ሙሉ ስማቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ይባላል።

ውድ የቡለቲናችን አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፌ የእኚህን አባት ሕይወት የሚተርክ ነው። ለምን እሳቸውን መረጥክ ብትሉኝ ምክንያቴ አንዲት ወፍ ናት።

ስዕላቸውን ያላየ ጥቂት ነው። ረጅም ነጭ ጢም ያላቸው፣ መላ ሰውነታቸው በፀጉር የተሸፈነ፣ እጆቻቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ሽማግሌ ሆነው ይሳላሉ። በግራና በቀኛቸው አንበሶችና ነብሮች ይቆማሉ። ከዚያ ደግሞ ከፊታቸው አጠገብ አንዲት ወፍ አለች፤ ምንቃሯን ወደ ዓይናቸው ዘርግታለች። ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ዓይኔ የሚያርፈው አንበሶቹ ላይ ነበር። ወፏን ልብ ብዬ ያየኋት ቆይቼ ነው። እሷን ለማየት ያበቃኝን ነገር ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ነንና ማን አለ የሚለው ጥያቄ ሊረሳን አይገባም። ከዚህ በታች የምጽፈው የሕይወት ታሪክ ምንጩ ገድላቸውና በሕዝቡ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ነው። ገድሉ በግዕዝ ተጽፎ በየገዳማቱ ሲነበብ የኖረ መጽሐፍ ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ሊቅ ፓኦሎ ማራሲኒም እ.ኤ.አ. በ2003 ከነትርጉሙ አሳትመውታል። የሚያምን እንደ እምነቱ ያነበዋል፤ የማያምን ደግሞ ይህ ሕዝብ ለዘመናት ምን ዓይነት ሰው ሲያደንቅ እንደኖረ ያይበታል። ለእኔ ጉዳይ ሁለቱም ይበቃሉ።

ልደትና አስተዳደግ

ገድላቸው እንደሚተርከው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የተወለዱት በግብፅ አገር ንሒሳ በተባለች ቦታ ነው። አባታቸው ስምዖን እናታቸው ደግሞ አቅሌስያ ይባላሉ። ባልና ሚስቱ ለብዙ ዓመታት ልጅ አጥተው ሲያዝኑና ሲለምኑ ኖረዋል። በመጨረሻ ልመናቸው ሰምሮ ታኅሣሥ 29 ቀን ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ልብ በሉ፣ ቀኑ ገና የምናከብርበት ቀን ነው።

እንዲህ ተለምኖ የተገኘ ልጅ ግን እቤት ብዙ አልቆየም። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው መልአክ ወስዶ ዘመደ ብርሃን ለተባሉ አበምኔት እንደሰጣቸው ገድሉ ይናገራል። እዚያም እያደጉ፣ እየተማሩ ቆይተው መነኮሱ፣ ቅስናም ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ከሰው ተለይተው ወደ በረሃ ወጡ።

የበረሃው ኑሯቸው ከሌሎች ባሕታውያንም ለየት ያለ ነው። እህል አልቀመሱም፣ ውኃ አልጠጡም ይባላል። ልብስ አልነበራቸውም፤ ብርዱንና ሐሩሩን የሚከላከልላቸው የገዛ ሰውነታቸው ፀጉር ነበር። ጎረቤቶቻቸው አራዊት ናቸው። ገድሉ ቁጥሩን ሳይቀር ይሰጠናል፤ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች። እንደኔ ሪፖርተር መሆን የሚያምረው ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው 120 አውሬ ምን ይበላ ነበር ብሎ ነው። ትውፊቱ ለዚህም መልስ አለው። አራዊቱ የጻድቁ እግር የረገጠውን ትቢያ እየላሱ ይጠግቡ ነበር ይላል። ስለዚህ ማንንም አይነኩም፤ ሰውም አያጠምዳቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ገድሉ አንበሶቹ ታሰሩ፣ ነብሮቹ በአጥር ተከለሉ አይልም። አብረዋቸው የኖሩት በፈቃዳቸው ነው። እሳቸው ሲሄዱ ይከተላሉ፤ ሲቆሙ ይቆማሉ።

ዝቋላና ምድረ ከብድ

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በንጉሥ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት ነው ተብሎ ይታመናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ማብቂያው፣ 13ኛውም ሲጀምር መሆኑ ነው። አራዊቱም ተከትለዋቸው መጡ። በአገራችን ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሳው በሁለት ቦታዎች ነው፤ በዝቋላና በምድረ ከብድ።

ዝቋላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በኩል፣ ከቢሾፍቱ ብዙም ሳይርቅ ብቻውን ቆሞ የሚታይ ተራራ ነው። ከፍታው 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ አናቱ ላይ ሐይቅ አለው፤ ዙሪያውን ደግሞ የጽድ ደን ከቦታል። ጻድቁ ወደዚህ ሐይቅ ገብተው፣ በጭንቅላታቸው ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረትን ሲለምኑ 100 ዓመት ኖሩ ይላል ገድላቸው። መቶ ዓመት ቁልቁል! እኛ ሃምሳ ደቂቃ ክላስ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይከብደናል። ይህን የመዘቅዘቅ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዝቋላ የኦርቶዶክሱ ብቻ ሳይሆን ኦሮሞው ጩቃላ እያለ ከጥንት ጀምሮ የሚያከብረው ተራራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5፣ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይወጣበታል። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በደኑ ላይ ቃጠሎ በተነሳ ጊዜ ከአካባቢውና ከአዲስ አበባ ሳይቀር ብዙ ሰው ወጥቶ እሳቱን ሲከላከል ነበር። ያ ደን የገዳሙ ግርማ ነው፤ የስንት ወፍ ቤት እንደሆነ ደግሞ ማሰብ አያቅትም።

ምድረ ከብድ በጉራጌ ሶዶ በኩል የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። ገድሉ ከሚተርካቸው ፈተናዎች አንዱ ከወፍ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አልፈው አልፈልግም። ጻድቁ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ተክለው ለረጅም ጊዜ ሲጸልዩ ሰይጣን በቁራ ተመስሎ መጣና ዓይኖቻቸውን አጠፋቸው። ቅዱሳን መላእክት ሚካኤልና ገብርኤል መጥተው መልሰው ፈወሷቸው ይባላል። እንግዲህ እኚህ ሰው በወፍ መልክ በመጣ ጠላት ዓይናቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ወፍ ቢጠሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር?

ወፏ

አሁን ወደ ስዕሉ ወፍ እንምጣ። ትውፊቱ እንዲህ ነው። ጻድቁ ውኃ በሌለበት ደረቅ ምድር ሲያልፉ በጥም የተያዘች አንዲት ወፍ አገኙ። ክንፏ ወድቋል፤ ልትሞት ደርሳለች። በአካባቢው ምንጭ የለም፤ እሳቸውም ውኃ የማይጠጡ ስለሆኑ ቅል ወይም ኮዳ አልያዙም። ያላቸው እርጥበት ዓይናቸው ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። አዘኑላት፣ አለቀሱም። ወፏ ቀረብ ብላ ከዓይናቸው እንባ ጠጣች። ነፍስ ዘራች።

አንዳንዶች በስዕሉ ላይ ያለችው ወፍ ያ ዓይን ያጠፋው ቁራ ነው ብለው ይተረጉማሉ። ብዙው ሕዝብ የሚያውቀው ግን የተጠማችዋን ነው። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መገኘታቸው ነው። ምንቃር ዓይንን ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያውቁ ሰው ለሌላ ምንቃር ዓይናቸውን ሰጡ።

ሌላም አለ። እሳቸው ወፏን አላጠመዷትም። አፏን ከፍተው አላንቆረቆሩባትም። የጠጣችው ራሷ ነች፤ እሳቸው ውኃው ወዳለበት እንድትደርስ ብቻ አደረጉ። ከዳነች በኋላም የእሳቸው ወፍ ስትባል፣ ክር እግሯ ላይ ስታስር አንሰማም። በዓለም ላይ የተጎዱ ወፎችን የሚያክሙ ባለሙያዎች ዛሬ ከሚከተሉት ደንብ ጋር ይህ በጣም ይቀራረባል። የዱር ወፍ የሚታከመው እንዲለቀቅ ነው፤ በተቻለ መጠንም በሰው እጅ ብዙ አይነካም።

ገድሉ ዕድሜያቸውን 562 ዓመት ያደርሰዋል፤ 300 በግብፅ፣ 262 በኢትዮጵያ። ያረፉት መጋቢት 5 ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በ5 ይታሰባሉ፤ መጋቢት አቦ የሚባለው ዋናው ክብረ በዓላቸው ነው።

እኔና ዋኖሷ

የገባሁላችሁ ቃል አለና ልንገራችሁ። ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በቆሎ ከተባለ ስሟ ይነሳል፤ በበቆሎ የታወቀ የግብርና ምርምር ማዕከልም አላት። በቆሎ ካለ ደግሞ ጠባቂ አለ። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ የአጎቴን ማሳ ከወፍና ከዝንጀሮ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። መሣሪያዬ ወንጭፍ ነው። ለማባረር ብቻ ነበር የተነገረኝ። እኔ ግን ዒላማዬን ለመፈተን ግንድ ላይ የተቀመጠች ዋኖስ ላይ አነጣጠርኩ። እህሉን እየበላች እንኳ አልነበረም።

መታኋት። ክንፏ ላይ ነበር። ሮጬ ሳነሳት ልቧ በጣቶቼ መሃል ይርገበገባል። ደነገጥኩ፤ አሳዘነችኝ። ምን ላድርግ? ሃይላንድ ውስጥ የያዝኳትን ውኃ አነሳሁና ምንቃሯን ፈልቅቄ አንቆረቆርኩባት። ትንሽ ተንዘፈዘፈች፣ ሁለት ሦስቴ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አንገቷ እጄ ላይ ወደቀ።

ድንጋዩ ገደላት ብዬ ነበር ያሰብኩት። ማታ ለአያቴ ስነግራት (በኛ ቤት አኮ ነው የምንላት) ስለ ድንጋዩ ከተቆጣችኝ በኋላ ውኃውን እንዴት እንዳጠጣኋት ጠየቀችኝ። ሳሳያት ራሷን ነቀነቀች። ወፍ እንደ ጥጃ አይጠጣም፤ ውኃውን አጠገቡ አስቀምጠህ ዞር በል አለችኝ በራሷ አነጋገር። እሷ ጫጩት በጭልፊት ሲቆስልባት ቅርጫት ደፍታበት፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋበት፣ ምድጃው አጠገብ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ውኃ በቆርቆሮ ክዳን ታኖርለትና እኛን ልጆቹን ታባርረናለች። ድምፅ አያሻም ነበር ሕጉ።

አኮ ትምህርት ቤት አልገባችም። እኔ ግን በኋላ ሳነብ ያገኘሁት እሷ የምትሠራውን ነው። የወፍ የመተንፈሻ ቀዳዳ ምላሱ ሥር ነው ያለው። በግድ የተንቆረቆረ ውኃ በቀላሉ ወደ ሳንባው ይገባል። ዋኖሷን ያቆሰላት ድንጋዬ ቢሆንም የጨረሳት ርኅራኄዬ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ክረምት በኋላ ነው ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከአንበሶቹ አልፌ ወፏን ያየኋት። ምንቃሯ ክፍት ነው፤ ማንም ግን አልያዘውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሁላችንም ባሕታዊ አንሆንም። ግን በግቢያችን መስኮት ተጋጭታ የወደቀች ወፍ ማን አላየም? እንዲህ ያጋጠመው ሰው ማድረግ የሚችለው ቀላል ነገር ነው። በጨርቅ ቀስ አድርጎ ማንሳት፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሞቅና ጨለም ያለ ጸጥተኛ ቦታ መምረጥ፣ በየደቂቃው ከፍቶ አለማየት። በግድ ውኃም ሆነ ምግብ አለመስጠት፤ ወተት ደግሞ ጭራሽ ለወፍ አይሆንም። መስታወት ያዞራት ብቻ ከሆነ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነቅታ ትበራለች። ክንፍ ከተሰበረ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ላባ አውጥታ መሬት ላይ የምትዘል ጫጩት ካየን ደግሞ ብዙ ጊዜ መብረር እየተማረች ነውና እናቷ ቅርብ ናት፤ ድመትና መኪና ከሌለ መተው ይሻላል።

የቤት ወፍንም አንርሳ፤ ዶሮን ማለቴ ነው። ከላይ መዘቅዘቅን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ጻድቁ ወደ ሐይቁ ቁልቁል የገቡት በገዛ ፈቃዳቸው ነው። በገበያ ቀን በባኮ መንገድ የሚያልፍ ሰው ግን አምስት ስድስት ዶሮ በእግራቸው ታስረው ቁልቁል በእንጨት ላይ ተንጠልጥለው ሲሄዱ ያያል። ኪሎ ሜትሮችን እንዲህ ይጓዛሉ። ወፍ እንደኛ ደረትና ሆድን የሚለይ ጡንቻ ስለሌለው ሲዘቀዘቅ የሆድ ዕቃው የአየር ከረጢቶቹን ይጫናል፤ መተንፈስ ይቸግረዋል። ይህን የሚያደርገው ገበሬ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ አባቱም እንዲሁ ሲያደርግ አይቶ ነው። በዓመት ሁለቴ ዝቋላ የሚወጣውም እኮ ይኸው ሰው ነው። ስዕሉንና ዶሮውን አንድ ላይ አድርጎ ያሳየው ሰው የለም። ይህ ደግሞ የማን ሥራ ነው? የኛ የጋዜጠኞቹ ይመስለኛል።

ሥራው ተጀምሮ የሚታይበት ቦታም አለ። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሆለታ አካባቢ እንሰሳ ኮቴ የሚባል የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል አለ። ያቋቋመው ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ነው። በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው የነበሩ ወይም በመጥፎ ይዞታ የቆዩ አንበሶችና ሌሎች የዱር እንስሳት እዚያ ይጠለላሉ። ወደ ዱር መመለስ የሚችለው እንዲመለስ ይደረጋል፤ የማይችለው ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። በሳምንት ስንቴ በአውቶቡስ የምናልፈው መንገድ ላይ መሆኑን ስሰማ አፈርኩ። አንድ ቀን ለሪፖርቲንግ ኮርስ ብንሄድበት ብዬ ለመምህራኖቻችን ሐሳቤን በዚሁ አቀርባለሁ።

ልጨርስ። ባለፈው ፋሲካ ለአኮ ዶሮ ገዝቼ ወደ ቤት ሄጄ ነበር። ሻጩ እግሯን አስሮ ቁልቁል ሲያቀብለኝ ካርቶን ፈልጌ በጎኑ ቀዳዳ አበጅቼ በእግሯ አቆምኳት። ሚኒባስ ውስጥ ሳቁብኝ፤ ለዶሮ ሂሳብ ትከፍላለህ ወይ ብለው ቀለዱብኝ። ዶሮዋ ወጥ መሆኗ እንደማይቀር እኔም አውቃለሁ፤ አኮም ታውቃለች፤ ጾሙን ከርመናል። ቤት ስደርስ ግን አኮ ካርቶኑን ከፍታ አየች፣ እኔንም አየች፣ ምንም አላለችም። የእግሯን ገመድ ፈታችና በቆርቆሮ ክዳን ውኃ ቀድታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሁለታችንም ዞር አልን።

ቸር ይግጠመን።